ውሃ ያዘለ ኮረብታ

በአየርላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በኮነማራ ምድር፣ ከሌተርፍራክ መንደር በላይ የቆመው ዳይመንድ ሂል ከባሕር ወለል 442 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል፣ በተራራ አገር ላደገ ሰው እንደ ቀላል ዳገት ይታየዋል፤ ነገር ግን የእግረኛን ጕልበት የሚፈትነው ከፍታው ሳይሆን የለበሰው ረግረግ ነውና፣ ሊወጣው የተነሣ ሁሉ አስቀድሞ የሚረግጠውን ምድር ጠባይ ሊያውቅ ይገባዋል።

የአትላንቲክ ነፋስ ዝናም እያመላለሰ በሚያፈስበት በዚያ አገር፣ መሬቱ ከቶ ስለማይደርቅ፣ አየርም ወደ ውስጡ ስለማይዘልቅ፣ የሞተው ሣርና ቅጠል ፈርሶ ወደ ትቢያ በመመለስ ፈንታ፣ በቀዝቃዛና ኮምጣጣ ውሃ እንደ ተዘፈዘፈ ዓመት በዓመት ላይ ይነባበራል። የዚህ ሥራ ዋና መጋቢ ስፋግነም የሚባለው ሥር አልባ ለስላሳ ተክል ሲሆን፣ ከደረቅ ክብደቱ እስከ 20 እጥፍ የሚደርስ ውሃ በአካሉ ስለሚይዝ፣ ረግረጉ በሸለቆ ሳይወሰን ዳገቱን ጭምር እንደ ጋቢ ሸፍኖታል።

ከዚህ ንብርብር የሚሆነው ጥቁር አፈር በዓመት የሚጨምረው አንድ ሚሊሜትር ያህል ነውና፣ 10 ሳንቲሜትር የጠለቀ የጫማ ዱካ የመቶ ዓመት ሥራ ያፈርሳል፤ ለመንገደኛው የእንጨት ርብራብ የተነጠፈለትም ስለዚህ ነው፤ ከርብራቡ አለመውጣትም ለጫማ ንጽሕና ሳይሆን ለምድሩ ክብር ነው ብዬ አምናለሁ። ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው፣ ሙጫ ባዘለ ቀይ ጠጕሯ ትንኝ እያጠመደች፣ ከአፈሩ ያጣችውን ምግብ የምትሞላ ታናሽ ተክል ትታየዋለች።

ባላገሮች በጠባብ አካፋ ቈርጠው፣ በነፋስ አድርቀው በምድጃቸው የሚያነዱት ይኸው የረግረግ አፈር፣ በሆዱ የገባውን ከመበስበስ የሚጠብቅ እንደ ደብር ዕቃ ቤት ያለ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. በቲፐረሪ አውራጃ ይህንኑ አፈር በመኪና የሚቈፍር ሠራተኛ፣ 1200 ዓመት ያህል ያስቈጠረ፣ በላቲን የተጻፈ የብራና መዝሙረ ዳዊት አገኘ፤ በቆዳ ልባሱ ውስጥ የተለጠፈው ደግሞ የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል፣ ማለት ፓፒረስ ነበር፤ ደንገል በአየርላንድ ስለማይበቅል፣ ይህ የደሴቲቱን ክርስቲያኖች ከግብጽ ወንድሞቻቸው ጋር ያገናኘ መንገድ እንደ ነበረ ሳያመለክት አይቀርም ይላሉ ሊቃውንቱ።

ረግረጉ በመጨረሻ ለኳርትዛይት ድንጋይ ስፍራውን ለቆ፣ ነፋሱ ከኮረብታው ጫፍ ላይ ፊትን ሲመታ፣ በአንድ ወገን በውቅያኖሱ የተበተኑ ደሴቶች፣ በሌላው ወገን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከቤልጅግ የተሰደዱ የቤኔዲክት ሥርዓት መነኮሳይያት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1920 የገቡበት የካይልሞር ገዳም፣ ከሐይቁ ዳር ይታያሉ።