ቡሩንዲ ሠራዊቷን እኩል ስትካፈል

በቡሩንዲ ሁቱውም ቱትሲውም ትዋውም የሚናገረው ያንኑ ኪሩንዲ ነው። ጎረቤታሞች ናቸው፤ ይጋባሉ። እንዲህ ባለ አገር ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ በሕግ እየቆጠሩ መንግሥት ማቆም ለሰሚው ግራ ነው። ቡሩንዲ ግን ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ምክንያቱን የሚፈልግ ከፓርላማው በፊት ጦር ሰፈሩን ይይ። አገሪቱ በ1962 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነፃ ከወጣች ጥቂት ዓመታት በኋላ ሠራዊቱ ከሕዝቡ 14 በመቶ ያህል እንደሆኑ በሚነገርላቸው ቱትሲዎች እጅ ገባ። በ1972 የሁቱ ዓመፅ ሲነሳ ይህ ሠራዊት የተማረውን ሁቱ እየለቀመ ፈጀ፤ የሟቾቹ ግምት ከ100 ሺህ እስከ 300 ሺህ ይደርሳል። በ1993 ሜልኪዮር ንዳዳዬ ተመርጠው የመጀመሪያው ሁቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሦስት ወር አልፎ ብዙም ሳይቆዩ ወታደሮች ገደሏቸው። ሁቱው በቱትሲ ጎረቤቱ ላይ ተነሳ፣ ሠራዊቱ በሁቱው ላይ፤ ጦርነቱ ወደ 300 ሺህ ሰው በላ።

ሁቱው የሚፈራው ሠራዊቱን ነው፤ ቱትሲው የሚፈራው ሠራዊቱን ማጣት ነው፤ ያውም በ1994 ድንበር ማዶ ሩዋንዳ ውስጥ በቱትሲዎች ላይ የተፈጸመውን የዘር ፍጅት አይቶ። ለእንዲህ ያለ ፍርሃት ምርጫ መድኃኒት አይሆንም፤ ማን እንደሚበዛ አስቀድሞ የታወቀ ቆጠራ ነውና።

ጦርነቱን ለማስቆም በታንዛኒያዋ አሩሻ የተካሄደውን ድርድር የመሩት ጁሊየስ ኔሬሬ በ1999 ሲያርፉ ኔልሰን ማንዴላ ተረከቡ፤ ስምምነቱ በ2000 ተፈረመ። ዋነኞቹ ታጣቂዎች ግን አልፈረሙም ነበርና ውጊያው ቀጠለ። የአፍሪካ ኅብረት በ2003 የመጀመሪያውን ሰላም አስከባሪ ኃይሉን ሲልክ ከደቡብ አፍሪካና ከሞዛምቢክ ጋር የዘመቱት የኛ የኢትዮጵያ ወታደሮች ነበሩ።

የ2005ቱ ሕገ መንግሥት በካቢኔና በምክር ቤት 60 በመቶ ለሁቱ፣ 40 ለቱትሲ ደለደለ፤ ለትዋ ሦስት ወንበር ሰጠ። ከሠራዊቱ ከግማሽ በላይ ከአንድ ወገን እንዳይሆን ከለከለ። ለእኔ የስምምነቱ ልብ ይህ ነው፤ የትናንት ሸማቂና የትናንት ወታደር በአንድ ካምፕ አደሩ። ሌላው ብልሃት የእጩዎች ዝርዝር ነው፤ በተከታታይ ከሚጻፉ ሦስት ስሞች ከሁለት በላይ ከአንድ ወገን መሆን ስለማይችሉ የሁቱ ብቻ ወይም የቱትሲ ብቻ ፓርቲ ይዞ መወዳደር ቀረ።

ሩዋንዳ በተቃራኒው የወገንን ስም ከአደባባይ አጠፋች። ማን ልክ እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል። በ2015 ፕሬዚዳንት ፒየር ንኩሩንዚዛ ለሦስተኛ ዘመን ካልተወዳደርኩ ሲሉ ቡጁምቡራ ስትናጥ ግን የአሩሻ ፍሬ ታየ፤ ሰልፈኛው ሁቱም ቱትሲም ነበር፣ የከሸፈውን መፈንቅለ መንግሥት የመሩት ጄኔራልም ሁቱ ነበሩ። ኮታው የዘር ጦርነትን አራቀ እንጂ ሥልጣን አልለቅ ያለን ሰው ማስለቀቅ አልቻለም፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተሰደደ።

በ2018 ሕገ መንግሥቱ ሲለወጥ ቁጥሮቹ አልተነኩም። የተነካው ብዙ ሰው ልብ ያላለው አንቀጽ ነው። ቀድሞ ሕግ የሚጸድቀው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለነበር 40 በመቶ የያዘ ወገን እምቢ ማለት ይችል ነበር፤ አሁን ለተራ ሕግ ከግማሽ በላይ ይበቃል። ወንበሩ አለ፣ እምቢታው የለም። ኮታው ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለውንም በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲመረምር አደራው ለሴኔቱ ተሰጠ፤ ሴኔቱ ራሱ ግማሽ በግማሽ በኮታ የተዋቀረ ነው።