ለገበታ የሚስማማ ወይን ጠጅ አመራረጥ

ለገበታ የሚሆን ወይን ጠጅ በዋጋው ውድነት ብቻ አይመረጥም፤ ውድ የሆነው ሁሉ ለበርበሬ ወጥ አይስማማምና። አፍ የሚያደርቀው የቀይ ወይን ጠጅ ጣዕምና የአልኮሉ ብርታት የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሱታል፤ ጣፋጭነት ግን ያለዝበዋል። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ እንደ አክሱማይት ያለው ጣፋጭ ቀይ፣ ጥቂት ቀዝቅዞ ቢቀርብ ይመረጣል። ለጥብስ እንደ ጉደር ያለው፣ ጣፋጭነቱ ያነሰ ቀይ ይበቃል፤ የሥጋው ስብ ወይኑን ያለሰልሰዋልና። ለዓሣ ነጩ ይስማማል። የዝዋይ ወይን ጠጅም ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ምርጫው ሰፍቷል።

ባለሆቴል በሣጥን ከማዘዙ አስቀድሞ ከየዓይነቱ አንዳንድ ጠርሙስ ገዝቶ ከራሱ ወጥ ቤት ምግብ ጋር ያስቀምስ። እንግዳ ካልወደደው ሣጥን ሙሉ ወይን ጠጅ ይልቅ የአንድ ጠርሙስ ወጪ ይቀላል።