የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስለ ማንበብ

ሰው በገዛ ዕድሜው አይቶ የሚማረው ጥቂት ነው፤ የቀረውን የሚማረው ካለፉት ሰዎች ነው። ስለዚህ አገር ያስተዳደሩትን፥ ጦር የመሩትን፥ ሕግ ያረቀቁትን ሰዎች ታሪክ ማንበብ ለሹምም ለካህንም ዋጋው ከፍ ያለ ትምህርት ነው። ነገር ግን ታሪክን የሚጽፈው ወዳጅና ጠላት፥ ፍርሃትና ተስፋ ያለው ሰው ነውና፥ አንባቢው እንደ ዳኛ ሆኖ ካልመረመረ በቀር ትምህርቱ ወደ ስሕተት ይለወጣል።

ለዚህ ነገር ከቅዱሳት መጻሕፍት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ንጉሥ ዳዊት በኦርዮ ላይ ያደረገው በደል በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ሳይሸሸግ ተጽፏል፤ የዚያኑ ንጉሥ ዘመን የሚተርከው መጽሐፈ ዜና መዋዕል ግን ይህን በደል አያነሣም። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ተቀብላ ታነባለች እንጂ ስለ አንዱ ብላ ሌላውን አልጣለችም። ዳዊትን በእውነት የሚያውቀው ክብሩንም፥ በደሉንም፥ ንስሓውንም አንድ ላይ የተመለከተ ሰው ነው።

የኢትዮጵያ ነገሥታት ታሪክም እንዲሁ ሊነበብ ይገባል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ. ም. ነግሠው በ1860 ዓ. ም. በመቅደላ ሞቱ። ታሪካቸውን ከጻፉት ሊቃውንት አንዱ አለቃ ዘነብ ንጉሡን እያደነቁ ይጽፋሉ፤ መጽሐፋቸውም ከንጉሡ ፍጻሜ ሳይደርስ ያበቃል። አለቃ ወልደ ማርያም ግን የጻፉት ከመቅደላ በኋላ ነው፤ በ1859 ዓ. ም. በጎንደርና በአብያተ ክርስቲያናቷ ላይ የደረሰውን ዝርፊያና ቃጠሎ ያውቃሉና ቃላቸው የመረረ ነው። እንግዲህ ዘነብን ብቻ ያነበበ ሰው መከራው ሳይታየው ይቀራል፤ ወልደ ማርያምን ብቻ ያነበበ ደግሞ መሳፍንት የተከፋፈሏትን አገር አንድ ለማድረግ የደከሙትን ንጉሠ ነገሥት ሳያውቃቸው ይቀራል። ብዕር የተነሣበትና ያረፈበት ጊዜ ራሱ ምስክር ነው።

ሰው ስለ ራሱ የጻፈው ሲሆን ጥንቃቄው ይበዛል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን መጽሐፍ በ1929 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ሳሉ ጻፉ፤ የመጀመሪያው ክፍል የታተመው ግን በ1965 ዓ. ም. ነው። አገሩን ጠላት የያዘበት ንጉሥ የሚጽፈው ለማስታወሻ ብቻ ሳይሆን ለሙግትም ጭምር ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የሕይወት ታሪክ ደግሞ ደራሲው ከሞቱ በኋላ በ1999 ዓ. ም. ታተመ። በ1923 ዓ. ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያወጁት ንጉሠ ነገሥቱ፥ ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ናቸው። ስለዚህ የዚያን ሕግ አወጣጥ ለመመርመር የሚወድ ሹም ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ቢዘረጋ፥ ባለ ዙፋኑና ባለ ብዕሩ አንዱን ዘመን እንዴት እንዳዩት ይረዳል።

እንግዲህ አስተዋይ አንባቢ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ጸሐፊው መቼ ጻፈ? ለማን ጻፈ? ሲጽፍስ ማንን ይፈራ ነበር? ከዚህም በኋላ የራሱን ልብ ይመርምር። ሹም ሹማምንትን የሚነቅፈውን መጽሐፍ፥ ካህንም ከካህናት ጋራ የተጣላውን ንጉሥ የሚያመሰግነውን መጽሐፍ ከሌላው ይልቅ በትዕግሥት ሊያነብ ይገባዋል፤ ደስ የሚያሰኘውን ብቻ የሚያነብ ሰው የሚያገኘው የራሱን አሳብ ነውና።

የአገር ሰው ስለ ሞተ ሰው ክፉ ከመናገሩ በፊት «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። ሙት ከችሎት ቀርቦ አይከራከርም፤ ያለ ልክ ሲወቀስም ያለ ልክ ሲመሰገንም ዝም ይላል። ፍርዱ የቀረው በአንባቢ እጅ ነው። ዛሬ የሌላውን ታሪክ የሚያነብ ባለ ሥልጣንም ነገ ታሪኩ በሌላው ይነበባል፤ ለራሱ የሚመኘውን ቅን ፍርድ ላለፉት ሰዎች አይንፈጋቸው።