እውነት ወይስ ተረት? «ዳውንታውን ሱቅ ለከፈተ መንግሥት ነፃ ገንዘብ ይሰጣል»

በዋሽንግተን ዲሲና በሜሪላንድ አካባቢ ምግብ ቤት፣ ካፌ ወይም ፀጉር ቤት ለመክፈት የሚያስቡ ከሆነ ይህ ምክር ሳይደርስዎ አልቀረም፦ «ዳውንታውን ክፈት፤ መንግሥት አካባቢውን ለማነቃቃት ግራንት ይሰጣል፤ ፎርም መሙላት ብቻ ነው።» መካሪዎ ክፉ አላሰቡም፤ ግራንቱም በእርግጥ አለ። ተረቱ ያለው ገንዘቡ መቼ፣ ለማንና ለምን እንደሚከፈል በሚወራው ላይ ነው። አንድ በአንድ እንየው።

«ግራንቱ ከተፈቀደ ቼኩ በፖስታ ይመጣል» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም። ለመሃል ከተማ ማነቃቂያ ከሚሰጡት ግራንቶች አብዛኞቹ የሚከፈሉት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። የዲሲ አስተዳደር «ግሬት ስትሪትስ» የሚለውን ፕሮግራም ይውሰዱ። ለዓመታት በተመረጡ ጎዳናዎች ላይ ላሉ ትንንሽ ንግዶች እስከ 50 ሺህ ዶላር ሲሰጥ ቆይቷል፤ አሰራሩ ግን ባለሱቁ መጀመሪያ ከኪሱ ለኮንትራክተሩ ከፍሎ፣ ደረሰኙንና የክፍያ ማስረጃውን አቅርቦ፣ ከዚያ ማስመለስ ነው። ስለዚህ 40 ሺህ ዶላር የተፈቀደለት ሰው በቅድሚያ 40 ሺህ ዶላር ያስፈልገዋል፤ ከሌለው ይበደራል። የግራንቱ ውል ከመፈረሙ በፊት የወጣ ወጪም በአብዛኛው አይተካም። ቼኩን ተማምኖ የአምስት ዓመት ሊዝ መፈረም «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

ታዲያ ወሬው ለምን አይሞትም? አንዱ ምክንያት በቅርቡ ዓይናችን ያየው ነገር ነው። በ2021 የፌዴራሉ መንግሥት በወረርሽኙ ለተጎዱ ምግብ ቤቶች 28.6 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ገንዘቡን በቀጥታ ወደ ባንክ ሒሳባቸው አስገብቷል። ያገኘ ሰው ለወዳጁ አወራ፣ ወዳጁም ለሌላው። ሁለት ነገሮች ግን ከወሬው ጎደሉ። አንደኛ፣ ከ278 ሺህ በላይ አመልክተው የደረሳቸው 101 ሺህ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ገንዘቡ አለቀ። ሁለተኛ፣ ያ የአደጋ ጊዜ እርዳታ እንጂ የመሃል ከተማ ማነቃቂያ አልነበረም። በሰላም ጊዜ የአነስተኛ ንግዶች አስተዳደር የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ራሱ ንግድ ለመጀመር ወይም ለማስፋፋት ግራንት እንደማይሰጥ በግልጽ ይናገራል።

«እገሌ ከተማ አሥር ሚሊዮን ዶላር ተሰጠው፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሱቅ ይከፋፈላል» የሚለውም የዜና አርዕስት የወለደው ተረት ነው። የኒውዮርክ ግዛት በ2016 የጀመረውን የዳውንታውን ማነቃቂያ ፕሮግራም ይመልከቱ። በመጀመሪያው ዙር ከ10 ክልሎች አንዳንድ ቦታ ተመርጦ ለእያንዳንዱ 10 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ፤ በኩዊንስ ያለው ጃማይካ፣ እነ ጄኒቫና ኦስዌጎ ከአሸናፊዎቹ ነበሩ። ገዥው ትልቁን ቼክ ይዘው ፎቶ ሲነሱ ያየ ሰው ገንዘቡ ወደ ከተማው ካዝና የገባ ቢመስለው አይፈረድበትም። እውነቱ ግን በአካባቢው የተቋቋመ ኮሚቴ ፕሮጀክቶችን አጥንቶ ያቀርባል፣ ግዛቱ ከነሱ ይመርጣል፣ ገንዘቡም ለተመረጡት ፕሮጀክቶች በውል ይለቀቃል። ፎቶው የአንድ ቀን ነው፤ ሥራው ዓመታት ይወስዳል።

«ኪራዬንና የሠራተኞቼን ደሞዝ ይሸፍንልኛል» የሚሉም አሉ። በአብዛኛው አይሸፍንም። የሕዝብ ገንዘቡ የሚፈልገው ቦታው ላይ የሚቀር ነገር ነው፦ የሱቁን ፊት፣ መስኮቱን፣ ታፔላውን፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ መስመሩን፣ የእግረኛ መንገዱን። ለዚህም የአከራይዎ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። ገንዘቡ ከ1974 ጀምሮ ለከተሞችና ለካውንቲዎች ከሚከፋፈለው የፌዴራል የማኅበረሰብ ልማት ግራንት የመጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ግዴታ ይከተላል፤ ከ2 ሺህ ዶላር በላይ በሆነ የግንባታ ውል ላይ ለሠራተኞች መንግሥት የወሰነው የአካባቢው ደሞዝ መከፈል አለበት። የአገር ልጅ አናጢ በቅናሽ ሊሠራልዎ ቢስማማም በዚህ ገንዘብ ግን አይቻልም። በጀትዎን ሲያወጡ ይህን ያስቡበት።

«የሚጠቀሙት ትልልቆቹ ናቸው፤ እኛ ጋ አይደርስም» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ሲልቨር ስፕሪንግን እናውቃታለን። በ1938 ተሠርቶ በ1984 የተዘጋው ሲልቨር ቲያትር በሕዝብ ገንዘብ ታድሶ በ2003 እንደገና ተከፈተ፤ ዲስከቨሪ የተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያም በዚያው ዓመት ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚያ ከፈተ። ትልቁ ገንዘብ የሄደው ወደ ትልቁ ሕንፃ ነው፤ የሚታየንም እሱ ነው። የማይታየን ግን ኩባንያው በ2018 እንደሚለቅ ሲያስታውቅ በጎዳናው ላይ የቀሩት ትንንሾቹ ሱቆች መሆናቸው ነው። «ሜይን ስትሪት» የተባለው እንቅስቃሴ በ1977 በሦስት ትንንሽ ከተሞች ሲሞከር ጀምሮ ትኩረቱ እነዚሁ ሱቆች ላይ ነው። ዛሬ በዲሲ በየጎዳናው የዚህ ፕሮግራም ድርጅቶች አሉ፤ ባለሱቁን ያማክራሉ፣ ማመልከቻ በመሙላትም ያግዛሉ። ብዙዎቻችን የማንደርስበት ስለተከለከልን ሳይሆን በራቸውን አንኳኩተን ስለማናውቅ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ስጋት «ግራንት ሲገባ ኪራይ ይንራል፤ መጨረሻው እኛን ማስወጣት ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከአዳምስ ሞርጋን 18ኛው መንገድ ወደ ዩ ስትሪትና 9ኛው መንገድ፣ ከዚያም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሲዘዋወሩ አይተዋል። ሆኖም የሱቅዎን ፊት ያሳመረው ግራንት በራሱ ኪራይ አይጨምርም፤ የሚጨምረው የፈረሙት ሊዝ ነው። በብዙ የንግድ ሊዞች የሕንፃው የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና በተከራዩ ላይ ይወድቃል። አካባቢው ሲያምር የሕንፃው ዋጋ ከፍ ተደርጎ ይገመታል፣ ግብሩ ያድጋል፣ ሂሳቡም ወደ እርስዎ ይመጣል። ስለዚህ ከግራንቱ ማመልከቻ በፊት ሊዙን ለጠበቃ ያሳዩ፤ የማራዘም መብትና የጭማሪ ጣሪያ ይደራደሩ። አከራዩ በእርስዎ ድካም ሱቁ ሊታደስለት ነውና ለመደራደር ምክንያት አለዎት።

«ግራንት ስጦታ ስለሆነ ታክስ የለውም» የሚለውንም አይመኑ፤ ለንግድ የተሰጠ ግራንት በአጠቃላይ እንደ ገቢ ይቆጠራል፣ የሒሳብ ባለሙያዎን ይጠይቁ። «ግራንት ደርሶሃል፣ ማስለቀቂያ ላክ» ብሎ በስልክ ወይም በፌስቡክ የሚመጣው ደግሞ አጭበርባሪ ነው፤ መንግሥት ግራንት ለመስጠት ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቅም።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው፦ ግራንት አለ፣ ይጠቅማልም፤ ግን የሚደግፈው ያለ እሱም መቆም የሚችለውን ንግድ ነው። መጀመሪያ ያለ ግራንት የሚያዋጣ ሂሳብ ይሥሩ፣ ፈቃድዎንና የታክስ ወረቀትዎን ያስተካክሉ፣ እያንዳንዱን ደረሰኝ ያስቀምጡ፣ ከዚያ ያመልክቱ። ለሌላ ሰው ሲመክሩም «ፎርም መሙላት ብቻ ነው» አይበሉ፤ «መጀመሪያ የምታወጣው ገንዘብ አለህ ወይ?» ብለው ይጠይቁት።