የመጀመሪያ እትም ለምን ይፈለጋል?

«የመጀመሪያ እትም» ማለት አንድ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ለአንባቢ ሲቀርብ የወጣው ቅጂ ነው። ይህን እየፈለገ የሚሰበስብ ሰው አልፎ አልፎ ይታማል። «ያው መጽሐፍ አዲሱ በርካሽ እየተገኘ፣ ለአሮጌው ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ምን የሚሉት ነው?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት በፖለቲካ አቋሙ ብዙ ያከራከረውን አሜሪካዊ ደራሲ አፕተን ሲንክሌርን (1878–1968) እንመልከት። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲንክሌር ሶሻሊስት ነበር። በ1904 ወደ ቺካጎ ሄዶ በቄራዎችና በሥጋ ማሸጊያ ፋብሪካዎች የሚሠሩትን ሰዎች ኑሮ ለሰባት ሳምንት ያህል አጠና። ያየውንም «ዘ ጀንግል» (ጫካው) በተባለ ልብ ወለድ ጻፈው። ታሪኩ በ1905 «አፒል ቱ ሪዝን» በሚባል፣ ካንሳስ ውስጥ ይታተም በነበረ የሶሻሊስቶች ሳምንታዊ ጋዜጣ በተከታታይ ወጣ። ነገር ግን በመጽሐፍ መልክ የሚያወጣው አሳታሚ ጠፋ። ታዲያ ሲንክሌር ምን አደረገ? አንባቢዎቹ ዋጋውን አስቀድመው እንዲከፍሉ ጠየቀ። በዚህ መካከል «ደብልዴይ፣ ፔጅ» የተባለው ድርጅት የተጻፈው እውነት መሆኑን በቺካጎ አጣርቶ ለማሳተም ተስማማ።

በዚህም ምክንያት መጽሐፉ በ1906 በአንድ ዓይነት የማተሚያ ቅርጽ፣ ነገር ግን በሁለት አሳታሚዎች ስም ወጣ። አንደኛው በደብልዴይ ስም ነው። ሁለተኛው «ጀንግል ፐብሊሺንግ ካምፓኒ» ይላል፤ የደጋፊዎች እትም መሆኑን የሚገልጽ ወረቀትም ከውስጥ ተለጥፎበታል። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ስለ ምግብና መድኃኒት ንጽሕና እንዲሁም ስለ ሥጋ ቁጥጥር የወጡት ሕጎች በፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ፊርማ ጸደቁ።

እንግዲህ ሰብሳቢው ቅጂዎቹን እንዴት ይለያል? በመጀመሪያ የርዕሱን ገጽ ይከፍትና የአሳታሚውን ስም ያነባል። ቀጥሎ ገጹን ገልብጦ የኅትመት መብት የተጻፈበትን ቦታ ያያል። በደብልዴይ ቅጂ ላይ «1906» የሚለውን ቁጥር ልብ ብሎ ይመለከታል፤ ቀድመው በታተሙት ላይ «1» ሙሉ ናት፣ በኋለኞቹ ላይ ግን ተጎድታለች።

ይህ ለአንዳንዱ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ቁም ነገሩ ግን ወዲህ ነው። በመጽሐፉ ያሉት ምዕራፎች 31 ሲሆኑ፣ በጋዜጣ የወጣው ጽሑፍ ከዚህ የረዘመ ነበር። አንዳንዶች በአሳታሚዎች ግፊት ተቆረጠ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ደራሲው ራሱ ለማሳጠር ብሎ ነው ይላሉ። ክርክሩ በጩኸት አይፈታም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ያስፈልጋል። ይህ የተቻለው ያንን ርካሽ ጋዜጣ ሳይጥል ያስቀመጠ ሰው ስለነበረ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ1927 የወጣው «ኦይል!» (ዘይት) የተባለው ልብ ወለዱ በቦስተን ከተማ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ሲንክሌር ነውር የተባሉትን ዘጠኝ ገጾች በበለስ ቅጠል ሥዕል አስሸፍኖ ለዚያች ከተማ ልዩ ቅጂ አሳተመ፤ ራሱም መንገድ ላይ ቆሞ ሸጠ። የአዳምና የሔዋንን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ቀልዱ ይገባዋል። ያ ክልከላ ምን እንደሚመስል በዓይን የሚያሳየን ይኸው ቅጂ ነው፤ ዛሬ የሚታተመው ንጹሕ መጽሐፍ አያሳየንም።

ስለዚህ የመጀመሪያ እትም ዋጋው በገንዘብ ብቻ አይለካም፤ ምስክርም ነው። ማን አሳተመው፣ ማን ከፈለ፣ ማን ከለከለ፣ ምን ተቀነሰ ለሚሉት ጥያቄዎች ማስረጃ ይሆናል። ምስክርን ለማቆየት ደግሞ ከደራሲው አቋም ጋር መስማማት ግድ አይደለም፤ የሚቃወመውም ቢሆን ምን እንደተባለ በትክክል ማወቅ ይፈልጋል።

አሮጌ መጽሐፍ እጃችሁ ከገባ ከላይ የተደረበውን የወረቀት ሽፋን አትጣሉ። ለማሳመር ተብሎ እንደገና አይጠረዝ፤ የተቀደደውም በፕላስተር አይለጠፍ። ከፀሐይና ከእርጥበት ይራቅ። አንድ አከራካሪ ጽሑፍ ለተማሪዎች ስታቀርቡም፣ በእጃችሁ ያለው ስንተኛው እትም እንደሆነና ከፊተኛው ምን እንደተለወጠ አስቀድማችሁ ተመልከቱ።