የዝናም አገር ልጆችና የጨዋታ ቤት ኪራይ

በአገራችን ዝናም ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ከፋ ነው። በቦንጋና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች ዝናሙ የክረምትን ወራት ብቻ ጠብቆ የሚመጣ አይደለም፤ ከመጋቢት ገደማ ዠምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይመላለሳል። ዩኔስኮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓመት በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ያገባውን ደን ያለመለመው፥ ቡናውንም በጥላው ሥር ያሳደገው ይኸው ዝናም ነው።

ነገር ግን ለገበሬው በረከት የሆነው ዝናም ለልጆች ጨዋታ እንቅፋት መሆኑ አልቀረም። ሜዳው ይጨቀያል፤ ኳሱ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ታናሹም ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ በመስኮት አጠገብ ይቀመጣል። እናቱ ከዓይንዋ ባለመራቁ ደስ ይላት ይሆናል፤ ሆኖም አካል በሚያድግበት ዘመን ሳይሮጡና ሳይዘሉ መዋል ጉዳት ነው። ታላቁ ልጅ ግን እቤት አይቀመጥም። ጣራ ያለበትን መጫወቻ ፍለጋ ይወጣል፤ የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚወራረዱበት ቤት ይሆናል። ስለዚህ ነገሩ የጨዋታ ብቻ ሳይሆን የልጅ አስተዳደግ ጕዳይ ነውና በዚህ ገጽ ልናነሣው ወደድን።

ዝናም የሚያስቸግራቸው ሌሎች ሕዝቦች ምን ዘዴ አገኙ ብለን ብንጠይቅ፥ የእንግሊዝ አገር ሰዎች የሚያደርጉት ለምሳሌ ይጠቅመናል። እነርሱ የሚወዱት ክሪኬት የሚባለው ጨዋታ ኳስን በእንጨት በመምታት ገናን ይመስላል፤ ሥርዐቱ ግን ሌላ ነው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል፤ የቀሩት በሰፊው ሜዳ ተበትነው ኳሱን ይይዛሉ። ዝናም ሲመጣ ጨዋታው ይቋረጣል፤ በብርዱም ወራት ሜዳው ይዘጋል።

ዘዴያቸውም ይህ ነው። ለልምምድ ሜዳው በሙሉ አያስፈልግም፤ ዋናው ሥራ የሚሠራው በሁለቱ የእንጨት ግቦች መካከል ባለው 20 ሜትር ያህል ርዝመት ነው። ስለዚህ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ጠባብ መስመሮችን ጐን ለጐን ያዘጋጃሉ፤ በግራና በቀኝ፥ በላይም መረብ ይዘረጋሉ፤ ከሥሩ ምንጣፍ ያነጥፋሉ። እያንዳንዱን መስመር በሰዓት ወይም በግማሽ ሰዓት ያከራያሉ። ጥቂት ጓደኞች ኪራዩን ተካፍለው ይገባሉ፤ ተራ በተራም ይወረውራሉ፥ ይመታሉ። በሜዳ ላይ ተራውን ሲጠብቅ የሚውል ልጅ፥ በዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ እጅግ ብዙ ኳስ ይመታል።

የዚህን ጥቅም የሚያስረዳ አንድ ታሪክ እንጨምር። በሎንዶን ዋንድስወርዝ በሚባለው ሰፈር አልፍ ጎቨር የተባለው የቀድሞ ተጫዋች በጣራ ሥር የክሪኬት ትምህርት ቤት ነበረው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ዓመት ቪቪያን ሪቻርድስና አንዲ ሮበርትስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች አንቲጓ ከምትባል ትንሽ ደሴት ወደዚያ ተላኩ። ወጪያቸውን የቻለው በአገራቸው ያለ የበጎ ፈቃደኞች የአሠልጣኝ ኮሚቴ ነው። ሁለቱም በ1974 ለዌስት ኢንዲስ ቡድን ለመሰለፍ በቁ፤ ሪቻርድስም በኋላ የቡድኑ አለቃ ሆኖ በመራበት ዘመን ቡድኑ በታላላቆቹ የአገሮች ተከታታይ ግጥሚያዎች አንድ ጊዜ እንኳ አልተሸነፈም። በእርግጥ ተሰጥዎው ከራሳቸው ነበር፤ ነገር ግን የመለማመጃውን ዋጋ የሚከፍል ወገን ማግኘታቸው ትልቅ ነገር ነው።

እኛ የቦንጋን ልጆች ክሪኬት ተጫወቱ ማለታችን አይደለም። ማንኛውም ጨዋታ በጣራ ሥር ሊሠራ የሚችል ክፍል አለውና እርሱን መፈለግ ይገባል ማለታችን ነው። የጠረጴዛ ቴኒስ ገበታ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ74 ሳንቲም ብቻ ነው፤ መጫወቻ ስፍራ ተጨምሮለት እንኳ በአንድ የትምህርት ክፍል ይበቃል። የእጅ ኳስና የመረብ ኳስ ቅብብልም በአዳራሽ ግድግዳ ላይ ሊለማመዱት ይቻላል።

በጨዋታ ልክ መክፈል በከተሞቻችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጆተኒና የጠረጴዛ ቴኒስ በዚህ ዓይነት ይከራያሉ። ነገር ግን የአከፋፈሉ ልማድ ሊታሰብበት ይገባል። «ተሸናፊ ይክፈል» የሚለው ደንብ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ልጁ ሳያስበው መወራረድን ይለምዳል፤ የከሰረውም ገንዘቡን ለማስመለስ እንደ ገና ይጫወታል። ሁሉም አስቀድመው እኩል አዋጥተው ሰዓቱን የተከራዩ እንደ ሆነ ግን፥ የሚሸነፈው የሚያጣው ነገር የለም፤ የሚያሸንፈውም ከክብር በቀር የሚወስደው የለም፤ ሰዓቱም ሲያልቅ ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ልጃችሁ የኪራይ ድርሻውን ሲጠይቃችሁ እንደ ብክነት አትቍጠሩት፤ ነገር ግን ቤቱን ሄዳችሁ እዩት፤ ሰዓቱን ወስኑለት፤ አከፋፈሉንም ጠይቁ። ሹማምንትም ከትምህርት በኋላ ተዘግተው የሚውሉትን አዳራሾች በጥቂት ዋጋ ቢያስከፍቱ፥ ገንዘቡ ለኳስ መግዣና ለጠባቂው ይሆናል። ለመክፈል ለማይችል ልጅ ደግሞ፥ በእድር መረዳዳትን የሚያውቅ ሕዝብ የአንድ ሰዓት ኪራይ ማዋጣት አይሳነውም።

ዝናሙን ማቆም አንችልም፤ ቡናችንም ማራችንም ከእርሱ ነውና ሊቆም አንወድም። ለልጆቻችን ግን አንድ ጣራና የታወቀ ሰዓት ልንሰጣቸው እንችላለን።