የአሮጌ መኪና አለመነሳት

የአሮጌ መኪና አለመነሳት ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ በራሱ ጉልበት መሥራት የማይጀምርበት ብልሽት ነው። ሞተር እንዲነሳ የሚያሽከረክረው የባትሪ ኃይል፣ ነዳጅና አየር ያስፈልጉታል፤ የቤንዚን ሞተር ደግሞ የካንዴላ ብልጭታ ይጨምራል። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በታመቀ አየር ሙቀት ነው። የጎደለው የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ዕቃ መለወጥ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ መኪናውን አያስነሳም።

በኢትዮጵያ መኪኖች ለብዙ ዓመታት ያገለግላሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ነባሮቹን ጠግኖ መጠቀምን ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል።

ድምፅን መለየት

ቁልፉ ሲዞር የሚሰማው ድምፅ ብልሽቱ ያለበትን ወገን ይጠቁማል።

• ድምፅም የዳሽቦርድ መብራትም ከሌለ ባትሪው ሞቷል ወይም የባትሪው ራስ ማሰሪያ ላልቷል።
• «ጠቅ» የሚል ድምፅ ብቻ ከተሰማ የፊት መብራቱን አብርቶ ቁልፉን እንደገና ማዞር ይጠቅማል። መብራቱ በጣም ከደበዘዘ ባትሪው ወይም ማሰሪያው፣ ካልደበዘዘ ሞተሪኖው ወይም ገመዱ ይጠረጠራል።
• ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልነሳ ችግሩ በአብዛኛው ነዳጅ ወይም ብልጭታ ነው።

ባትሪና ዲናሞ

ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ወርዷል። በራሱ ላይ የሚጋገረው ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ኤሌክትሪክ ስለሚያግድ መጽዳት አለበት። ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካልተለካ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ላይሆን ይችላል፤ ያኔ አዲስ ባትሪ ቢገዛም ተመልሶ ይሞታል።

ነዳጅና ብልጭታ

የአሮጌ መኪና የነዳጅ ጌጅ ሊሳሳት ስለሚችል መጀመሪያ ታንከሩ ይታያል። ካርቡሬተር ባለው መኪና ካንዴላው ተፈቶ ሲታይ በቤንዚን ከረጠበ ሞተሩ ከልክ ያለፈ ነዳጅ ገብቶበታል፤ የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ ሳይለቀቅ ቁልፉ ይዞራል። ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ነዳጁ እየደረሰ አይደለም፤ ፊልትሮው፣ ቱቦው ወይም የነዳጅ ፖምፓው ይመረመራል። ብልጭታ ከሌለ ቦቢናና የካንዴላ ገመዶች ይታያሉ።

በናፍጣ መኪና ነዳጅ ካለቀ ወይም ፊልትሮ ከተለወጠ በኋላ አየር ወደ ቱቦው ይገባል። የእጅ ፖምፓ ካለው አየሩ እስኪወጣ መጫን ያስፈልጋል።

የቆላ ሙቀት

ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሞቃቱ የራያ ቆላ ትገኛለች። መንገዱ ቆቦንና አላማጣን አልፎ በግራት ካሕሱ ወደ ደጋማው ኮረም ይወጣል። አንድ መኪና በኮረም ብርድ ማለዳ የሚያጋጥመው ችግር በቆላው ቀትር ከሚያጋጥመው የተለየ ነው። በብርድ የባትሪው ጉልበት ይቀንሳል፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ የናፍጣ ሞተርም ማሞቂያ ካንዴላ ይፈልጋል።

በሙቀት ደግሞ የሞቀ ሞተር እንደጠፋ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ወደ ተን ይለወጥና ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል። ጠዋት ያለችግር የተነሳ መኪና ቆሞ ቆይቶ እንቢ ሲል ይህ ይጠረጠራል። መፍትሔው ኮፈኑን ከፍቶ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ማብረድና በፖምፓውና በቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። ሙቀት የባትሪን ውሃም ስለሚያተን፣ ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ በየጊዜው ታይቶ የተጣራ ውሃ ይጨመርለታል፤ የቧንቧ ውሃ ባትሪውን ይጎዳል።

በግፊ ማስነሳት

ባትሪው የደከመና ማርሹ በእጅ የሚቀየር መኪና ቁልፉ ተከፍቶ፣ በ2ኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑ ተረግጦ ይገፋል፤ ፍጥነት ሲይዝ ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል። ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ግን ለብልጭታ የሚሆን ኃይል ላይኖር ይችላል። አውቶማቲክ መኪና በዚህ መንገድ አይነሳም። ሞተሩ እስኪነሳ ፍሬኑና መሪው ስለሚከብዱ ቁልቁለት ላይ መሞከር አደገኛ ነው።

ጥንቃቄ

ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ከሌላ መኪና ኃይል ሲወሰድ ፕላስ ከፕላስ ይገናኛል፤ የማይነስ ገመድ መጨረሻ ከባትሪው ርቆ በሞተሩ ብረት ላይ ይታሰራል። ቤንዚን በሚሸትበት ቦታ ብልጭታ መሞከርና ሲጋራ ማጨስ መኪናውንም ሰውንም ያቃጥላል። ሞተሪኖው እንዳይቃጠል ቁልፉ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አይያዝም፤ በየመሃሉም ማሳረፍ ያስፈልጋል።